ኅዳር ሲታጠን የተቃጠሉ ክሮች

ኅዳር ሲታጠን በረንዳ የሚጋራኝ ልብስ ሰፊ ክሮቼን አቃጠለብኝ። የአሥራ አራት ዓመት ክሮች። ሳይጠይቀኝ፣ እኔ በሌለሁበት፣ ከሚስማሬ ላይ አውርዶ ከሰፈሩ ቆሻሻ ጋር እሳት ውስጥ ጨመራቸው። የደረሰብኝ በደል ይኸው ነው።

«ክር ተቃጠለ ብሎ ይሄን ሁሉ ወረቀት የሚፈጅ ሰው አየን» የሚል አይጠፋም። እሱ ሰው ልብስ ሰፍቶ አያውቅም ማለት ነው። ሰፍቶም ከሆነ ማንበብ እየቻለ ነው የሰፋው። እኔ ማንበብ ሳልችል ነው የሰፋሁት። ፊደል የቆጠርኩት ይህ ነገር ካለፈ በኋላ፣ በአርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ስለዚህ ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ። ስፌቴ ግን ተንጋዶ አያውቅም።

የምሠራው መርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ አንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ባለሱቁ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሐጂ እንላቸዋለን። ጨርቅ የገዛ ሰው እዚያው እንዲያሰፋ ብለው በረንዳው ላይ ሁለት ሰፊ አስቀምጠዋል። በግራ እኔ፣ በቀኝ እሱ። የቀን ብርሃን የሚገባው በቀኝ በኩል ነው። እኔ ቀድሜ መጥቼ ብርሃኑን እሱ ያገኘው አሥረኛ ክፍል ስለደረሰ ነው። አሥረኛ ክፍል መድረሱን በቀን ሁለቴ ይነግረን ነበር።

ስለ ክሮቹ ላስረዳ። እኔ ሰው የምለካው በሜትር አልነበረም። ከብር ኖት ላይ አምስትን፣ አሥርን፣ ሃምሳን፣ መቶን አውቃለሁ፤ ሜትሩ ላይ እንደ ጉንዳን የተሰለፉት ቁጥሮች ግን ለኔ ጉንዳን ነበሩ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ወፍራም ክር እቆርጣለሁ። ሁሉም ልክ የሚጀምረው ከአንድ ጫፍ ነው። የትከሻው ስፋት ላይ አንድ ቋጠሮ፣ የእጅጌው ላይ ሁለት የተጠጋጉ ቋጠሮዎች፣ የወገቡ ዙሪያ ላይ ሦስት፣ የደረቱ ዙሪያ ላይ አራት፣ የሱሪው ቁመት ላይ አምስት። የማን እንደሆነ እንዳይጠፋኝ ሰውየው ካሰፋው ጨርቅ አንዲት ቁራጭ መነሻው ላይ አስርበታለሁ። ያን ግራጫ ጨርቅ ሳይ ሰውየው ከነአረማመዱ ይመጣልኛል። ክሮቹ ሁሉ ከጀርባዬ አንድ ትልቅ ሚስማር ላይ ነበር የሚንጠለጠሉት።

ዛሬም ቢሆን ሜትር የሌለው ሰው በዚህ መንገድ መሥራት ይችላል። ናይለን ክር ግን አይሁን፤ ናይለን ይለጠጣል፣ ሰውየው ሳይወፍር ልብሱ ይሰፋል። የጥጥ ክር ይሁን፤ መጀመሪያ ውሃ ነክሮ ጥላ ላይ ማድረቅ፣ ከዚያ በሰም ወይም በጧፍ ላይ ሁለት ሦስቴ መሳብ። ያልተነከረ ክር ክረምት ሲመጣ ያጥርና ደንበኛህን አንገቱ ድረስ ታፍነዋለህ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ሰው አፍኛለሁ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር፤ ካልተናገርኩት የበረንዳ ጎረቤቴ ይናገረዋል። ገና በረንዳው ላይ እንደተቀመጥኩ አንድ ሰውዬ በክር ስለካው አይቶኝ «ይሄማ መሃይም ነው» ብሎ ጨርቁን ከእጄ ነጥቆ ሄደ። በማግስቱ ደብተር ገዛሁ። እስክሪብቶ ጆሮዬ ላይ ሰካሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በክር ለክቼ ስጨርስ ደብተሩን ከፍቼ፣ ግንባሬን ቋጥሬ፣ የሆነ ነገር እጭራለሁ። ክብ፣ መስመር፣ ጭራ ያለው ክብ። ደንበኛው ያከብረኛል። ክሩን ሲያይ ደግሞ «ይሄ ምንድነው?» ካለኝ «የጥንት ሰው አሠራር ነው፣ ለመጠባበቂያ» እላለሁ። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ሚስቴ እንኳ ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል ለማወቅ።

ሐጂ ውሸት አይወዱም። ከኔ በፊት የነበረውን ሰፊ የደንበኛ ጨርቅ በርካሽ ጨርቅ ለውጦ ስላገኙት የስፌት መኪናውን ራሳቸው ተሸክመው መንገድ ላይ አስቀመጡለት ይባላል። እኔን ሲቀበሉኝ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በረንዳዬ ላይ ውሸታም አላስቀምጥም።» ደብተሩን በከፈትኩ ቁጥር ይህ ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር።

ኅዳር አሥራ ሁለት ሚካኤል ነው። ከተማው ቆሻሻውን ጠርጎ ያጥናል፤ መርካቶ ከመሳለሚያ እስከ ራጉኤል በጭስ ትሸፈናለች። እኔ ለአጎቴ ተዝካር ጎጃም ሄጄ ነበር። ተመልሼ ስመጣ ሚስማሩ ባዶ ነው። መጀመሪያ ዓይኔን አላመንኩም። ወለሉን አየሁ። የመኪናዬን ሥር አየሁ።

«ክሮቼስ?» አልኩት ጎረቤቴን።

«የቶቹ ክሮች?»

«ሚስማሩ ላይ የነበሩት።»

«እነዚያ ቡትቶዎች? አጠንናቸዋ!» አለ ስፌቱን ሳያቆም። «ኅዳር አይደል እንዴ? በሽታ ይውጣ ብለን በረንዳውን ጠራረግን። ባትኖር ነው እንጂ አንተም ታመሰግነኝ ነበር።»

«ማን ንካ አለህ?»

«ኧረ ተው! ስለ ክር? ምን ያስጨንቅሃል፣ ደብተርህ እንደሁ ኪስህ ውስጥ ነው።» በጣቱ የኮቴን ኪስ መታ መታ አደረገው። ፊት ለፊት ያሉት ቁልፍና ዚፕ ሻጮች ሳቁ። «መጠባበቂያው ነው የተቃጠለው፣ ዋናው አለ!» አለ አንዱ።

ምን ልበል? ዋናው የተቃጠለው ነበር ልበል? ወጥቼ አመዱን ፍለጋ ሄድኩ።

አመዱ የተጣለው ከግንቡ ኋላ ቦዩ አጠገብ ነበር። በእንጨት ሳማስል አንዷ የሰፈር ሴት «ጋሼ፣ ወርቅ ጠፋብዎት?» አለችኝ። ወርቅ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ወርቅ አይቃጠልም። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ያገኘሁት አንድ ጉማጅ ነው። መነሻው ላይ ጫፏ የጠቆረ ሰማያዊ ጨርቅ ታስራለች። አንድ ቋጠሮ አለ፣ ትከሻ። ሁለት ቋጠሮ አለ፣ እጅጌ። ከዚያ በኋላ ያለው ጠቁሮ ነካ ሲያደርጉት ይረግፋል። ወገቡ የለም። ደረቱ የለም። ሱሪው የለም።

ያ ሰማያዊ ጨርቅ የሙሽራው ነበር።

ሙሽራው በርበሬ ተራ የምትነግድ የአንዲት ባልቴት ልጅ ነው፤ የከባድ መኪና ሹፌር። መስከረም ላይ ከእናቱ ጋር መጥቶ ከሐጂ ሱቅ ሰማያዊ የሱፍ ጨርቅ መረጠ፣ ተለካ፣ ጭነቱን ይዞ ወደ ጅቡቲ መስመር ወጣ። ሰርጉ ጥር ላይ ነው፤ እሱ የሚመለሰው ከሰርጉ ሦስት ቀን በፊት ነው። ጨርቁ የሙሉ ልብስ ነው፣ ትርፍ የለውም፤ ሐጂም የመጨረሻውን ጥቅል ነው የቆረጡት። አንዴ ተሳስቼ ከቆረጥኩ ሌላ ሰማያዊ የለም።

ሌሎቹ ደንበኞች ቀላል ነበሩ። አንዱ መጥቶ «እንደ ድሮው በልኬ ስፋልኝ» ሲለኝ ሆዱን አየት አደርግና «ወፈር ብለሃል መሰለኝ፣ እስቲ እንደገና ልለካህ» እላለሁ። ከሳ ላለውም «ከሳህ» እላለሁ። አንድ አስተማሪ ግን «ባለፈው ወር ነው እኮ የለካኸኝ!» ብሎ ተቆጣ። «ባለፈው ወር እንደ አሁኑ ጾም ነበር እንዴ?» አልኩት። ሄዶ ሚስቱን ጠይቆ ተመለሰ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሃያ ሠላሳ ሰው እንደገና ለካሁ።

ሙሽራውን ግን ከየት አምጥቼ ልለካው? «ልጅዎ የደረሰበት ከተማ ያለ ሰፊ ይለካውና በስልክ ይንገረኝ» ብል እናቱ «ደብተርህስ?» ትለኛለች። ደብተሩ ከተከፈተ በረንዳው ሄደ። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። በዚህ ዕድሜዬ መኪናዬን ተሸክሜ የማንን በረንዳ ልለምን ነው? ታኅሣሥን ሙሉ ይህን ሳስብ ምግብ ከአፌ ይመለስ ነበር። የሱቁ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ፤ እጄ ላይ ያለውን ስፌት ረስቼ ሁለት ጊዜ መርፌው ጣቴን በስቶታል። መርፌ ጣት ሲበሳ ደሙ ጨርቁ ላይ ከነካ ውሃ አትፈልጉ፤ የራሳችሁን ምራቅ ወዲያው ቀቡት፣ ይለቃል። ይህን የማይነግራችሁ ሰፊ ደብቆ ነው።

አንድ ቀን የፈራሁት መጣ። የሙሽራው እናት ስልኳን በእጇ ይዛ በረንዳው ላይ ቆመች።

«እንደምን ዋልክ ልጄ። ያ ኮት ደረሰ?»

«በመሠራት ላይ ነው፣ እትዬ።» ጨርቁን ገና አልነካሁትም።

«ጥሩ። አሁን የመጣሁት ለሌላ ነው። የልጅቷ ቤተሰቦች ለመልስ የሚለብሰውን እጀ ጠባብ እነሱ ናቸው የሚያሰፉለት። ልኩን ላኩልን አሉኝ። በል ከደብተርህ አንብብልኝ፣ እጽፋለሁ።»

ጎረቤቴ ስፌቱን አቆመ። ሲያቆም ሰማሁት፤ የመኪና ድምፅ ሲቆም በረንዳው ሁሉ ይሰማል። ደብተሩን አወጣሁ። ገጽ ገለጥኩ። ሌላ ገጽ ገለጥኩ፣ እንደሚፈልግ ሰው።  ጎረቤቴ ደንበኛ ሲለካ ቁጥሩን እየጮኸ ነው የሚጠራው፤ የማውቃቸው ቁጥሮች ከዚያ የለቀምኳቸው ናቸው።

«ትከሻ አርባ ስድስት» አልኩ።

«አርባ ስድስት።»

«እጅጌ ስልሳ ሁለት።»

«እሺ።»

«ደረት... ዘጠና ሁለት።»

«ቁመቱስ?»

«እጀ ጠባብ ቁመቱ በግምት ነው፣ እትዬ፣ እነሱ ያውቁታል።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሄደች። ጎረቤቴ መኪናውን እንደገና መርገጥ ጀመረ።  ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ መጀመር ግድ ሆነብኝ። «ለገበሩ አሠራር እንዲመቸኝ አንድ የድሮ ኮቱን ከነሱሪው ይላኩልኝ» ብዬ እናቱን አስጠየቅኳት፤ ላከች። ቡናማ ኮት፣ ክርኑ የነጣ።

ከአሮጌ ልብስ ልክ መውሰድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ የኖረ ኮት ትከሻው ይወርዳል፣ አትመኑት። ሁሉንም ቁልፎች ቆልፉ። በሰፊ ጠረጴዛ ላይ አንጥፋችሁ በእጃችሁ መዳፍ አስተኙት፣ አትሳቡት። ከብብት እስከ ብብት ለኩና እጥፍ አድርጉት፤ እሱ የኮቱ ነው እንጂ የሰውየው አይደለም። ከዚያ ኮቱ የት እንደሳሳ ተመልከቱ። ክርኑ ከነጣ ሰውየው ጠረጴዛ ወይም መስኮት ይደገፋል፤ የመሃል ቁልፉ ቀዳዳ ከተለጠጠ ግን ኮቱ ጠቦታል ማለት ነው። የዚህ ኮት ቀዳዳ እንደ ዓሣ አፍ ተከፍቷል። ሙሽራዬ ወፍሯል ማለት ነው። ምን ያህል? እሱን ኮቱ አይናገርም።

ስለዚህ በትርፍ ቆረጥኩ። በጎን ስፌቶቹ ላይ አራት አራት ጣት፣ በጀርባው መሃል ሁለት ጣት ወደ ውስጥ ተውኩ። ትከሻውንና እጅጌውን አመድ ውስጥ ካገኘሁት ጉማጅ፣ ሱሪውን ከአሮጌው ሱሪ ወሰድኩ። ብብቱን ግን በጣም ወደ ላይ ቆረጥኩት። ይሄን ልብ በሉ፦ ጎን ጠቦ ቢገኝ ከትርፉ ይለቀቃል፤ ብብት አንዴ ዝቅ ብሎ ከተቆረጠ ግን ጨርቅ አይበቅልበትም። ጥቁርና ሰማያዊ ጨርቅ ላይ በጠመኔ አታስምሩ፣ አቧራው ሱፉ ውስጥ ይቀራል። ያለቀች ስስ የሳሙና ቁራጭ ትሻላለች፤ ካውያ ሲነካት ትጠፋለች። ቅባት የበዛበት የገላ ሳሙና ግን አይሁን፣ እሱ በተቃራኒው ማድያት ያወጣል።

 የመቀሱን የታችኛውን አፍ ጠረጴዛው ላይ አሳርፌ ነው የቆረጥኩት፤ እንዲህ ሲሆን እጅ ቢንቀጠቀጥም መቀሱ አይንቀጠቀጥም። ገበሩን ከመቁረጤ በፊት ሙቅ ውሃ ውስጥ አሳደርኩት። ሳይነከር የተሰፋ ገበር የመጀመሪያዋ ካፊያ ስትመታው ይሸበሸብና ኮቱን ከውስጥ ይጎትተዋል። ከዚያ ሁሉንም በእጅ፣ በረጃጅም ስፌት፣ በነጭ ክር ብቻ አያያዝኩት። በመኪና ብሰፋው መፍታት ሱፉን ያቆስለዋል። የእጁን ስፌት አንድ ቦታ በጠስ አድርገህ ስትስበው እንደ አተር ገለባ ይወጣል።

ጎረቤቴ ነጩን ክር አይቶ ከወንበሩ ዘንበል አለ።

«ምነው፣ ገና አልተለካም እንዴ?»

«ሥራህን ሥራ።»

«ልርዳህ ብዬ እኮ ነው፣ ወንድሜ።»

«አንዴ ረድተኸኛል። ይበቃኛል።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሙሽራው ከሰርጉ በፊት ባለው ሐሙስ ጠዋት ደረሰ። የመንገዱ አቧራ ገና ከጫማው አልወረደም። ለፕሮቫ፣ ልኩን ለማየት፣ ኮቱን አለበስኩት። ትከሻው ተቀመጠ። እጅጌው ተቀመጠ። ከፊት ግን አንድ መዳፍ ሙሉ አልገናኝ አለ።

«ጋሼ፣ ወፈርኩ መሰለኝ» አለ ሙሽራው እያፈረ። «የጅቡቲ ሩዝ ነው።»

«ወፍረሃል» አልኩት። ያን ቀን ያንን ቃል እውነቴን ተናገርኩት። የጎኑን ነጭ ክር በጥሼ አራቱንም ጣት ለቀቅኩ፤ ከጀርባው አንድ ጣት ጨመርኩ፤ የሱሪውንም ወገብ አሰፋሁ። ገጠመ። እንደተቀባ ገጠመ። ሐጂ ከሱቁ ወጥተው አዩና «ማሻአላህ» አሉ። አርብ ጠዋት በመኪና ሰፍቼ፣ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጌ በላዩ ተኩሼ፣ ቁልፎቹን ሰካሁ። የኮት ቁልፍ ሲሰፋ ከሥሩ የክብሪት እንጨት አስገቡ፤ ሲያልቅ እንጨቱን ስባችሁ ክሩን በአንገቱ ዙሪያ ጠምጥሙት። ቁልፉ ይቆማል፣ ወፍራም ጨርቅ ሲቆለፍበት አይታነቅም። ሙሽራው ኮቱን ይዞ ሄደ። ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳዬን ጨርሼ በላሁ።

ምሳዬ ሳይወርድ እናቱ መጣች። ፌስታል ይዛለች። ከፌስታሉ ነጭ እጀ ጠባብ አውጥታ መኪናዬ ላይ ጣለችው።

«ይሄ ምንድነው?»

«እጀ ጠባብ ነው፣ እትዬ።»

«ልጄ አንገቱን አስገብቶ መውጣት አቃተው! ሁለት ሰው ነው የጎተተው። ደረቱ ላይ እንደ ከበሮ ተወጠረ። የልጅቷ እናት ‹እኛ በላካችሁልን ልክ ነው የሰፋነው› አለችኝ። ከአማቾቼ ፊት ነው ያዋረድከኝ። ዘጠና ሁለት ነው ያልከኝ አይደል? እነሆ ጽፌዋለሁ። በል፣ ደብተርህን አምጣ።»

«እትዬ፣ ምናልባት እነሱ ሲቆርጡ...»

«ደብተርህን አምጣ አልኩህ!»

እጄ ወደ ኪሴ አልሄድ አለ። በዚህ መሃል ጎረቤቴ መሳቅ ጀመረ። ከሆዱ ነው የሳቀው፤ ለብዙ ጊዜ አፍኖት የኖረ ሳቅ ነበር።

«እትዬ፣ ደብተሩ ምን ያደርግልዎታል? ውስጡ የዶሮ ጭረት ነው! እኔ ከመጣሁ ጀምሮ አንዲት ፊደል ጽፎ አያውቅም። ልክ የሚይዘው በክር ነው፣ በክር! ቋጥሮ ቋጥሮ ሚስማር ላይ ይሰቅለዋል።»

 እኔ መሬቱን ነበር የማየው። ስለዚህ ሐጂ በሩ ላይ መቆማቸውን ያወቅኩት ድምፃቸውን ስሰማ ነው።

«ምን አልክ?» አሉት።

«እ... ደብተሩ ውሸት ነው፣ ሐጂ።»

«እሱን ሰማሁ። ልክ የሚይዘው በምን ነው አልክ?»

«በ... በክር።»

«እና ይሄን ከመጣህ ጀምሮ ታውቅ ነበር።»

ጎረቤቴ መቀሱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠ።

«ኅዳር ላይ ያጠንከው የቱን ክር ነው?» አሉት።

 ሁለት ወር ሙሉ «ቡትቶ መስሎኝ ነው» ሲል የኖረ ሰው በገዛ ሳቁ ተያዘ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም፤ እኔም አብሬ ተይዤ ነበርና።

ሐጂ ወደኔ ዞሩ። «አንተስ? አሥራ አራት ዓመት?»

«አዎ፣ ሐጂ።»

«ሰርጉ ይለፍ» አሉና ገቡ።

እናቲቱ አልሄደችም። ደብተሩን ራሷ ከኪሴ ስባ አወጣች፣ ገለጠች፣ ክቦቹን አየች፣ መልሳ ሰጠችኝ። ስትሰድበኝ ጠብቄ ነበር።

«ኮቱን ታዲያ በምን አገኘኸው?» አለችኝ።

«ከአሮጌው ኮት። በትርፍም ቆርጬ።»

«ኮቱ ልክ ነው። ሐሰት አልናገርም፣ ልክ ነው።» እጀ ጠባቡን አነሳችው። «መልሱ ማክሰኞ ነው። ይሄን ታቃናለህ ወይስ ሰው ልፈልግ?»

«አቃናለሁ።»

«ልጄን አምጥቼ አጠገብህ አቆመዋለሁ። አሁን ትለካዋለህ፣ እያየሁህ።»

ለካሁት፣ በክር፣ ሰው ሁሉ እያየ። የጠበበ ልብስ ለማስፋት ሰው ሁሉ ጎኑን ይቀድና ቀጥ ያለ ቁራጭ ይጨምራል፤ ያ ከሩቅ ያስታውቃል። ቁራጩ ከብብት በታች መግባት አለበት፤ ላዩ የጠበበ፣ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ይሁን፣ ክንድ ሲወርድ ይሸፍነዋል። ጨርቁን ከሌላ ቦታ አትፈልጉ። የሸማ ነጭ ከነጭ ይለያል፤ አንዱ ወተት ነው፣ አንዱ አጥንት ነው። ከራሱ ከልብሱ ታችኛው እጥፋት ቆርጣችሁ ውሰዱ። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ደግሞ መቀስ ሲያይ ይተረተራል፤ መጀመሪያ የምትቆርጡበትን መስመር ግራና ቀኝ ዘምዝማችሁ፣ ከዚያ በመሃሉ ቁረጡ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ጨርሼ ሰጠኋት። በርበሬ ተራ ድረስ ራሴ ወስጄ።

ሰርጉ አለፈ። መልሱም አለፈ። እጀ ጠባቡ እንዴት እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም፤ ሙሽራው መንገድ ወጣ፣ እናትየው አልመጣችም። ሐጂም ምንም አላሉም። ጠዋት ሰላም ይሉኛል፣ ይገባሉ። ይህ ከሁሉም የከፋው ጊዜ ነበር። ዛሬ ይሆን መኪናዬን የሚያወጡት እያልኩ ሥራ መቀበል ፈራሁ፤ የሰው ጨርቅ ተቀብዬ ብባረር የት አደርሰዋለሁ? ለሚመጣው ሁሉ «ሥራ በዝቶብኛል» እላለሁ፤ መኪናዬ ግን ቆማለች። ጎረቤቴም እንደዚያው። ሁለታችን ጎን ለጎን ተቀምጠን ካውያውን እንኳ በምልክት ነበር የምንቀባበለው። አንድ ቀን ያለ ሥራ መኪናዬን ዘይት ስቀባት ዋልኩ። የቆመች መኪና ዘይት ይበዛባትና ኋላ በመጀመሪያው ጨርቅ ላይ ትተፋዋለች፤ ዘይት ከቀባችሁ በኋላ ብጣሽ ጨርቅ ላይ ብዙ ሰፍታችሁ አጥሩት። ይህን እያወቅኩ ረሳሁት፤ ኋላ አንድ ነጭ ሸሚዝ አበላሸሁ።

በመጨረሻ ሐጂ ጠሩን። ከሱቁ ውስጥ፣ በጥቅል ጨርቆቹ መካከል፣ ሦስት በርጩማ ተደርድሯል። ሐጂ፣ አንድ የራጉኤል ሰፈር ሽማግሌ፣ በሦስተኛው ላይ ደግሞ የሙሽራው እናት። 

«እጀ ጠባቡን ለብሶ ጨፈረ» አለች ገና ሳልቀመጥ። «ውሸትህን ግን አልወደድኩትም።»

«እኔም አልወደድኩትም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ለምን ያዝከው?» አሉ ሽማግሌው።

ስለዚያ ስለመጀመሪያው ሰውዬ ነገርኳቸው፤ ጨርቁን ስለነጠቀኝ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐጂ ግን «አንድ ሰው አንድ ቀን ሰደበህ ብለህ እኔን አሥራ አራት ዓመት ዋሸኸኝ» አሉ።  

ጎረቤቴን «አንተስ ለምን አቃጠልከው?» አሉት። ብዙ ዞረ። ስለ ጽዳት አወራ፣ ስለ ኅዳር በሽታ አወራ። በመጨረሻ እናቲቱ «ወንድ ሁን!» ስትለው «ደንበኛው ሁሉ ወደሱ እየሄደ» አለ። «እኔ ተምሬ፣ እሱ ሳይማር።» ይኸው ነው። ለዚህ ነው የአሥራ አራት ዓመት ሰው አመድ የሆነው።

ፈረዱ። እሱ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቀኛል፣ የብርሃኑንም ቦታ ይለቅልኛል። እኔ ደግሞ ለእያንዳንዱ ደንበኛ በገዛ አፌ ማንበብ እንደማልችል እናገራለሁ፣ ፊደል ልቆጥር እገባለሁ፤ ካልገባሁ በረንዳውን እለቃለሁ። «ክር ከፈለግህ በክር ለካ» አሉኝ ሐጂ። «ግን በሚታይ ቦታ።»

የኔ ቅጣት ከሱ ይከብዳል ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ያነሳው ድንጋይ ከካውያችን ክብደት አይበልጥም ነበር፤ እኔ ግን ስንት ሰው ፊት እንደቆምኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ቢሆንም አጎንብሶ «ይቅር በለኝ» አለ፤ እኔም «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ፤ ሽማግሌው ድንጋዩን ከጫንቃው አወረዱለት፤ የመኪኖቻችንን ቦታ አቀያየርን። ነገሩ እዚያ ላይ ተቋጨ፤ የካቲት አሥራ ስድስት ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት።